ከሚሪያ ያጠበችው ምልክት

«ማን ነው ያጠባቸው?»

ይህ ጥያቄ በዓረብኛ የተጠየቀው ጅዳ ውስጥ፣ በአንድ ትልቅ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ እሑድ ጧት ነበር። የጠየቀችው ነጭ ጋዋን የደረበች፣ ጥቁር ሒጃብ ያሰረች፣ ከሃያ ሦስት ዓመት የማታልፍ ጠይም ልጅ ናት። የተጠየቀችው ደግሞ የአንዲት አሮጊት ዓባያና ጫማ ታቅፋ የመጠበቂያው ወንበር ጫፍ ላይ የተቀመጠች ከሚሪያ የምትባል የቤት ሠራተኛ ናት።

ከሚሪያ ከጥያቄው በኋላ ምስጋና የሚመጣ መሰላት። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በአንድ ቤት ስትሠራ ስሟ የሚነሣው በንጽሕናዋ ነው፤ የአሠሪዋ የመዳም እኅቶች እንኳ በሷ እጥበት ይቀናሉ።

«እኔ ነኝ» አለች ኮራ ብላ። «ዓርብ ለጁምዓ ሳጥባቸው ደረታቸው ላይ በቀለም የተሞነጫጨረ ነገር አየሁ። እንኳን ሰው ላይ ግድግዳ ላይ እንዲህ አይጻፍም! በሎሚና በገላ መፈተጊያው በሊፋ ፍትግ አድርጌ አስለቀቅሁት። የተለጠፈበትንም ፕላስተር ላጥሁት።»

ልጅቷ ዓይኗን ጨፈነች። ምስጋናም አልመጣ።

«ምን አጠፋሁ ደግሞ!» አለች ከሚሪያ ለራሷ፣ በአማርኛ።

ልጅቷ ዓይኗን ገለጥ አደረገች። «ሐበሻ ነዎት እንዴ? አገርዎ ወዴት ነው?»

ከሚሪያ ሳቋ መጣ። ከዚህች ጂንስ ሱሪ ከለበሰች የዓረብ አገር ልጅ አፍ የወጣው አማርኛ የሰባ ዓመት ሽማግሌ አማርኛ ነው። ደግሞስ በአርባ ዓመቷ ማን አንቱ ብሏት ያውቃል?

«ወሎ ነኝ፤ ሐይቅ።»

«አያቴም የወሎ ሰው ናቸው። አማርኛ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ዱዓ እባላለሁ፤ መካ፣ ነካሳ ሰፈር ነው የተወለድኩት። ትምህርቴን ጨርሼ የልምምድ ዓመቴ ላይ ነኝ፤ ኢምቲያዝ የሚሉት። ኻላ፣ አክስቴ፣ አይደንግጡብኝና፣ ያጠቡት እድፍ አልነበረም። መሣሪያው በሽታውን የሚያገኝበት ምልክት ነበር።»

ነገሩ እንዲህ ነው። አሮጊቷ የመዳም እናት ናቸው፤ ቤተሰቡ ሁሉ «ሲቲ» ይላቸዋል፤ አያቴ እንደ ማለት ነው። ጡታቸው ላይ ነቀርሳ ተገኝቶ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸዋል፤ ከዚያ ወዲህ ለአምስት ሳምንት፣ ከእሑድ እስከ ሐሙስ፣ በየቀኑ እየመጡ በጨረር እንዲታከሙ ታዟል። ምልክቱ እንዳይታጠብም ተነግሯል። ለማን ተነገረ? ለመዳም። መዳም ደግሞ እናቷን አንድ ቀን እንኳ አጥባ አታውቅም። ለምታጥባቸው ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። እንግዲህ ፍረዱ፤ ጥፋቱ የማን ነው?

ከሚሪያ ግን ጥፋቱን በሙሉ ለራሷ ወሰደች። ፊቷ ዐመድ መሰለ። «ወይኔ! ገደልኳቸው በይኛ!»

«አልገደሉም። እንደገና ፎቶ ተነሥተው እንደገና ምልክት ይደረግላቸዋል፤ ዛሬ ሰዓት እናጠፋለን፤ ይኸው ነው። አለቃዬ እያዘጋጀች ነው።»

ትንሽ ቆይታ ከሚሪያ ልብ ገዛች፤ ልብ ስትገዛ ደግሞ ክርክር አማራት፤ ተፈጥሮዋ ነው። «ግን ልጄ፣ ሲቲ አምስት ወቅት የሚሰግዱ ሰው ናቸው። ገላቸው ላይ ቀለም ተለድፎ ውዱእ ይያዛል? ሶላታቸውስ እንዴት ሊሆን ነው?»

ዱዓ በተከፈተው በር በኩል ሂና ወደተቀባው የሲቲ እጅ አመለከተች።

«ይህን ማን ቀባቸው?»

«እኔ ነኛ! በዚያ ቤት ከኔ ሌላ ማን ይችልበታል?»

«በዚህ ሂና ሲሰግዱ ሶላታቸው ተበላሸ?»

«እንዴ! ሂናው ታጥቦ ሄዷል እኮ። የቀረው መልኩ ነው፤ መልክ ደግሞ ውሃ አያግድም።»

«የኛም ቀለም የሚቀረው መልኩ ነው ኻላ። ፕላስተሩ ያለበት ደረት ደግሞ ውዱእ የሚያርፍበት ቦታ አይደለም። ሲቲ ከተጠራጠሩ ኢማማቸውን ይጠይቁ፤ ነገር ግን እርስዎ ራስዎ መለሱት።»

ከሚሪያ በገዛ ሂናዋ ተያዘች።

«እሺ፤ ይህን ሥራ በአማርኛ ምን ትሉታላችሁ?» አለች ወሬ ለመቀየር።

«እንጃ! አያቴ ‹ሰው መተኮስ ነው እንግዲህ የምትማሪው?› ይሉኛል።»

ይህን ስትሰማ የከሚሪያ ፊት ተለወጠ። መተኮስ ብዙ ዓይነት ነው። ልብስ ይተኮሳል፤ እሷ ስትተኩስ ትውላለች። ጠመንጃም ይተኮሳል። በእሷ አገር ደግሞ ሕመምተኛም በጋለ ብረት ይተኮሳል። ያን በዓይኗ አይታለች፤ ማየት ብቻ አይደለም፣ የእናቷን ሁለት እጅ ጨምድዳ የያዘችው እሷ ነበረች። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እናቷ ጡቷ ላይ እብጠት ወጥቶባት የሰፈር ባለመድኃኒት ሦስት ቀን እየተመላለሰ ተኮሳት። አልሻላት ሲል አዲስ አበባ ወሰዷት፤ ያን ጊዜ የጨረር ሕክምና ያለው እዚያ ብቻ ነበር። የተሰጣት ቀጠሮ ግን የብዙ ወራት ነበር፤ ሳይደርስ ሞተች።

«ልጄም ይህንኑ ካልተማርኩ እያለች ነው» አለች ድምጿ ዝቅ ብሎ። «ነጅማ ትባላለች። እኅቴ ረሂማ ጋ ነው ያለችው። ፈተናውን አለፈችና አዲስ አበባ የጨረር ሕክምና ትምህርት ደረሳት። አይሆንም አልኳት።»

«ለምን ኻላ?»

«እናቴ ስትተኮስ እጇን ይዣለሁ። የልጄ እጅ ብረቱን የሚይዘው ይሁን?»

«የኛ መሣሪያ እንደ ብረት አያቃጥልም ኻላ።»

ከሚሪያ ያልተናገረችው ሌላም ምክንያት ነበራት፤ ዋናው እሱ ነው። ነጅማን ጥላት ስትመጣ ልጅቷ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ አሁን አሥራ ስምንት ሞላት። ጥርሷ ሲነቀልና ሲበቅል፣ ቁመቷ ሲመዘዝ፣ ሁሉንም ያየችው በስልክ ነው። የሲቲን ጠጉር ስታበጥር የነጅማን ጠጉር የምታበጥር ይመስላታል። ልጇን አቅፋ አንገቷን ማሽተት ከናፈቃት ዘጠኝ ዓመት ሆናት፤ ናፍቆቱ ሲብስባት ልብስ መተኮሻው ክፍል ገብታ ታለቅሳለች። እነሆ ደግሞ የመዳም እኅት ሠራተኛ ፈልጋለች፤ ቪዛውን ለነጅማ ልትልክላት ቃል ገብታለች። መልስ የምትፈልገው እስከ ቅዳሜ ነው። ከሚሪያ ልቧ ተሰቅሏል፤ አንድ «እሺ» ብትል ልጇ ጅዳ ትገባለች።

የትምህርቱም ምዝገባ የሚዘጋው በዚያው ሰሞን ነው። ነጅማ ግን እናቷ ሳትፈቅድ አትመዘገብም፤ እንዲያ ያለች ልጅ ናት።

በዚያ ሳምንት ከሚሪያ ሲቲን ባመጣች ቁጥር ሁለቱ ሲከራከሩ ሰነበቱ። ሰኞ ዕለት «ይህ ሥራ ሴት ልጅን ያመክናል ይላሉ» አለች ከሚሪያ።

«ይላሉ። ስንሠራ ግን ከወፍራም ግድግዳ ወዲያ ሆነን በካሜራ እያየን ነው፤ ክፍሉ ውስጥ ሕመምተኛው ብቻ ነው የሚቀረው። ይህ ደረቴ ላይ ያለው ባጅ ጨረር ደርሶብኝ እንደሆነ ይመዘግባል፤ በየጊዜው ይነበባል። አለቃዬ አሥራ አምስት ዓመት ሠርታለች፤ አራት ልጆች አሏት፤ አራተኛው መከራዋን የሚያሳይ ጋኔን ነው።»

ከሚሪያ ሳትወድ ሳቀች። ማክሰኞ ግን ሌላ ይዛ መጣች። «ሲቲ ደረታቸው ላይ ቀላ ቀላ ብሏል። አያቃጥልም አላልሽም?»

«እንደ ብረት አያቃጥልም ነው ያልኩት። አልዋሽዎትም ኻላ፤ ቆዳው ይቀላል፣ ያሳክካል፣ ሰውዬውም ይደክማል። ለዚህ ነው በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጠው፤ ደህናው ገላ ማገገሚያ ጊዜ ያገኛል። አሁን እኔ አንድ ልጠይቅዎት፤ እናትዎ መጀመሪያ ሕመሙን ያሳዩት ለማን ነው?»

«ለማንም» አለች ከሚሪያ። «ሰባት ወር ደበቀችን። ጡት ነዋ! ለወንድ ሐኪም ከምገልጥ ልሙት አለች።»

«ሴት ባለሙያ ብትኖርስ ኖሮ? በራሳቸው አፍ የምታዋራቸው፣ የአገራቸው ልጅ?»

ከሚሪያ የሲቲን ጫማ ወለሉ ላይ አስተካክላ አስቀመጠችው፤ አንስታ እንደገና አስቀመጠችው።

ሐሙስ ዕለት ዱዓ ከአለቃዋ አስፈቅዳ፣ ከሲቲም ፈቃድ ጠይቃ፣ መሣሪያው ከመነሣቱ በፊት ከሚሪያን ወደ ክፍሉ አስገባቻት። ከሚሪያ የጠበቀችው እሳት ነው፤ ያገኘችው ግን የሚበርድ ክፍል፣ አንድ ጠባብ አልጋና ከግድግዳው የሚወጡ ቀጫጭን የብርሃን መስመሮች ነበሩ። ዱዓ አጎንብሳ «ሲቲ፣ ይቀዘቅዛል እጄ፣ ይቅር በሉኝ» አለች በዓረብኛ። ትከሻቸውን በጣቷ ጫፍ ነካ፣ ሳብ አደረገችው፤ መስመሮቹ ደረታቸው ላይ በቀለም የተደረጉት ሦስቱ ነጥቦች ላይ እስኪያርፉ ድረስ እንደ ክር አቃናቻቸው። የቀረውን ገላቸውን በሻሽ ሸፈነችላቸው።

«ጨረሩ የሚሄደው እዚህ ነው፤ ከዚህ እንዳያልፍ ነው ይህ ሁሉ ድካም» አለች በአማርኛ። «ጥቂት ብንስት ደህናውን ልብ ወይም ሳንባ እንነካለን። አራት ዓመት የተማርኩት መተኮስ አይደለም፤ እንዳልስት ነው።»

ከሚሪያ አፏን በሒጃቧ ጫፍ ሸፍና ወጣች። ውጭ ቆማ በትልቁ በር ላይ መብራት ሲበራ አየች፤ ሲጠፋም አየች። ሲቲ ሲወጡ «አለቀ እንዴ? ምንም አልተሰማኝም» አሉ። የእናቷ ጩኸት ግን ከአሥራ ሁለት ዓመት በኋላም ጆሮዋ ላይ ነበር፤ ከሚሪያ ወንበሩን ፈልጋ ተቀመጠች።

ለብረቱ ነገር እንግዲህ ልቧ ተሸንፏል። ናፍቆት ግን በክርክር መች ይሸነፋል!

ዓርብ የመዳም ቤተሰብ ለጁምዓ መካ ሲወጣ ከሚሪያንም ይዟት ሄደ፤ ከዓስር ሶላት በኋላም ዱዓ ወደጋበዘቻት ወደ ነካሳ ሄዳ ዘመድ እንድትጠይቅ ተፈቀደላት። ዱዓ አቀበቱ ሥር ጠብቃ፣ ደረጃውን ደግፋ አወጣቻት። አያቷ አብዱረሺድ በሩ አጠገብ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። በወጣትነታቸው ለሐጅ መጥተው የቀሩ ሰው ናቸው፤ ጅዳ ወደብ ጆንያ ሲሸከሙ ነው ወገባቸው የጎበጠው።

«ሐይቅ ነሽ አሉኝ?» አሉ እጇን ሳይለቁ። «ውሃው ዳር ያለው ዋርካ አለ?»

«አለ አባባ። እኔ ስመጣ ነበረ።»

«አንቺ ስትመጪ!» አሉ። ሁለቱም ያን ዋርካ የሚያውቁት ድሮ ነው፤ አሁን ይኑር አይኑር ከሁለቱ የሚያውቅ የለም።

ከሚሪያ እዚያ ሆዷ ባባ። የደበቀችውን ሁሉ ዘረገፈችው፤ ቪዛውን፣ የቅዳሜውን መልስ፣ ዘጠኙን ዓመት። «ትምህርቱ ደግ ነው ልጄ፣ ገብቶኛል። ግን ከተማረች እኔ ጋ አትመጣም። እኔ ልጄን ማየት ነው የምፈልገው። በቃ! ይህ ኀጢአት ነው?»

ሳምንቱን ሙሉ ለሁሉ ነገር መልስ የነበራት ዱዓ አቀርቅራ የሒጃቧን ጫፍ ትነካካ ጀመር። የመለሱት ሽማግሌው ናቸው።

«ኀጢአት አይደለም። ግን ልጠይቅሽ፤ ልጂቱ ስትመጣ የት ነው የምታድር?»

«የመዳም እኅት ቤት፤ እዚያው ጅዳ።»

«አንቺስ?»

«መዳም ቤት።»

«ያንቺ መዳም ዕረፍት የምትሰጥሽ መቼ ነው?»

ከሚሪያ የጎረቤቷ ነገር ትዝ አላት። እሷ ካለችበት ቤት ሁለት መንገድ አልፎ ሙሉመቤት የምትባል የደሴ ልጅ ትሠራለች፤ እኅቷም በዚያው ሰፈር ናት። ሁለቱ እኅትማማቾች በሦስት ዓመት የተገናኙት ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱም የአንደኛዋ የመኖሪያ ፈቃድ፣ ኢቃማው፣ ሲታደስ፣ ወረፋ ላይ።

«አየሽ» አሉ አብዱረሺድ። «ጅዳ አምጥተሻት በኢሞ ነው የምታወሪያት። ያኔ ደግሞ ናፋቂዋ አንድ አትሆንም፤ እሷም እዚያው ሆና አንቺን ትናፍቃለች፤ ልብስ እየተኮሰች። እኔ እናቴን ‹ሐጅ አድርጌ እመለሳለሁ› ብያት ነው የመጣሁት። ስትሞት የነገረኝ ሰው በስምንት ወሩ ነው የደረሰው። ልጅሽን ወደ ናፍቆት አትጥሪያት። አንቺ ወደ እሷ መመለሻ ምክንያት ይኑርሽ።»

ከሚሪያ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች፤ ማንም ዝም በይ አላላትም። ሽማግሌው ዕንባቸውን በኩታቸው ጠረጉ፤ ዱዓ ውሃ አመጣች። ከዚያ ከሚሪያ ፊቷን ታጥባ ስልኳን አወጣች።

ነጅማ በመጀመሪያው ጥሪ አነሣች። የፊቷ ግማሽ ብቻ ነው የሚታየው፤ መስመሩ ይቆራረጣል።

«እማ! ምነው፣ አለቀስሽ እንዴ?»

«ስሚኝ። ተመዝገቢ።»

«ምን አልሽ?»

«ትምህርቱን ተመዝገቢ አልኩሽ! ቪዛውን ኸላስ፣ ይቅር እላታለሁ። እዚህ አያትሽን የምታህል ሴትዮ በዚያ ጨረር ስትታከም እጇን የሚጨመድደው ሰው የለም፤ አትጮህም። እኛ አገርም ማሽኑ በየቦታው ይተከላል እያልሽኝ አልነበር? ማሽኑ ብቻውን ምን ያደርጋል፤ የሚያቃናው እጅ ይፈልጋል። ሴቶቹ ደግሞ ላንቺ ይገልጡልሻል፤ ሰባት ወር አይደብቁም። ቶሎ ከመጡ ቶሎ ይድናሉ፤ ልጆቻቸውም እናት ይኖራቸዋል። እሱን ሥሪ አንቺ። እኔ እመጣለሁ።»

«መቼ እማ?»

«ስትጨርሺ ባለሽበት አገኝሻለሁ» አለች ከሚሪያ፤ እንደገና ድምጿ ተቆረጠ፤ ይህ የመስመሩ ጥፋት አልነበረም።

ቅዳሜ የመዳም እኅት ተቆጣች፤ መዳምም ሁለት ቀን አኮረፈች። ከሚሪያ ግን ኩርፊያን ዘጠኝ ዓመት ችላዋለች፤ ደንታም አልሰጣት።

ሲቲ አምስቱን ሳምንት ጨረሱ። በእነዚያ ሳምንታት ከሚሪያ ምልክቶቹን የምትጠብቃቸው ዕቃ ቤት ያለ ወርቅ እንደሚጠበቅ ነው፤ ውሃው ወደዚያ እንዳይፈስ ፎጣ ታጥፍለታለች፤ መዳም እንኳ እናቷን ልታቅፍ ስትጠጋ «ቀስ! ነጥቡን!» ትላት ጀመር። በመጨረሻው ቀን ዱዓ «ኻላ፣ ከዛሬ ጀምሮ ማጠብ ይችላሉ። ሊፋውን ተዉት፤ በእጅዎ፣ ቀስ ብለው» አለቻት።

ከሚሪያ ሲቲን የመታጠቢያው በርጩማ ላይ አስቀምጣ ለብ ያለ ውሃ ቀዳች። ሦስቱን ነጥቦች በጣቷ ጫፍ አንድ በአንድ ነካቻቸው። ያን ቀን በንዴት የፈተገችው ቀለም ነው፤ አሁን በጣቷ ብቻ ለቀቀ። በእናቷ ገላ ላይ እንዲህ ያለ ምልክት ያደረገ ሰው አልነበረም። እናቷ ደረት ላይ የቀረው የብረቱ ጠባሳ ነው። ስትሞት አጥበው ከገነዟት ሴቶች አንዷ ከሚሪያ ነበረች፤ ያን ጠባሳ ደጋግማ አጥባዋለች፤ አልለቀቀም።

ሲቲ ለብሰው ከተኙ በኋላ ልብስ መተኮሻው ክፍል ገብታ ለነጅማ ድምጿን ቀዳች። «ነጅማ፣ ዛሬ ቀለሙን አጠብኩት፤ ለቀቀ። አንድ ነገር ልንገርሽ፤ መጽሐፍሽ ውስጥ ባይኖርም ያዢው። ምልክት ስታደርጊ ለሕመምተኛውም ለልጁም ንገሪ፤ ከሁሉ በፊት ግን የሚያጥበው ማን እንደሆነ ጠይቂና ለእሱ ንገሪው።»

«እሺ እማዬ» የሚል መልስ መጣ። ሌላ ቃል አልነበረውም። ከሚሪያ ሦስት ጊዜ ሰማችው፤ ከዚያ ካውያዋን ሰክታ የሲቲን ዓባያ መተኮስ ጀመረች።